ፈታሹና የማንጎው ጠርሙስ

ፈታሹ ሰው አያምኑም። ይህን እሳቸውም አይክዱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በክር ፋብሪካው በር ላይ ቆመው የሠራተኛ ቦርሳ ሲበረብሩ ስለኖሩ፣ ሰው የሚባለው ፍጡር ባዶ እጁን ገብቶ ሞልቶ ለመውጣት የማይፈነቅለው ድንጋይ እንደሌለ በዓይናቸው አይተዋል። በዳቦ ሆድ ውስጥ የተወተፈ ክር አግኝተዋል። በጃንጥላ እጥፋት ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ አግኝተዋል። አንዴማ እግሩ በጀሶ ታሽጎ እያነከሰ የሚወጣ ሠራተኛ አስቁመው ጀሶውን ሲያንኳኩት፣ ሰውየው ድንገት ድኖ በሁለት እግሩ ሮጦ አመለጣቸው። ከዚያ ወዲህ ለሚያነክስ ሰው ማዘን ትተዋል።

ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡት። ደህና ዕቃ በነፃ አይሰጥም ብለው በማግስቱ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስደው አስመረመሩት። ሰዓቱ ደህና ነበር። ሰዓት ሠሪውን ግን እስከ ዛሬ አላመኑትም።

እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ሲፈታ ለቤተሰብ መከራ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከወንድ ልጃቸው ጋር ነው። ልጁ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲነጋ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ምራታቸው በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽህና ክፍል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ስታጥብ፣ ስታደርቅና ስትተኩስ ትውላለች። አምስት ዓመት ገና የሞላት የልጅ ልጃቸው መዋዕለ ሕፃናት ነው ውሎዋ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የፈታሹና የሰዓቱ ብቻ ነበር። የሚፈተሽ ሲጠፋ የወተቱን ላስቲክ ወደ ብርሃን አንስተው ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ይመረምራሉ። ምራታቸው ይህን ስታይ ትስቃለች እንጂ አትናገርም። እሳቸው ደግሞ ሳይናገር የሚስቅ ሰው አይወዱም።

ፍራፍሬ ማድረቅ የጀመሩት በትንሿ ጥርስ ምክንያት ነው። ልጅቷ ከረሜላ እንጂ ፍራፍሬ አትነካም ነበር፤ ማንጎ እጅ ያጨማልቃል፣ ሙዝ ያሙለጨልጫል ትላለች። የፊት ጥርሷ መጥቆር ሲጀምር አያቷ አንድ ሙዝ በስሱ ከተፉ፣ መልኩ እንዳይበላሽ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ መረብ በወጠሩበት የእንጨት ርብራብ ላይ ደርድረው የቤቱ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ አወጡት። ሲደርቅ ሰጧት። አኘከችው፤ ሌላ ጠየቀች። ያን ዕለት ፈታሹ ለእጃቸው ሥራ አገኙ። ደስ እንዳላቸው ለማንም አልተነፈሱም፤ ማታ ራት ሲቀርብ ግን ሁለቴ አስጨመሩ።

ጣሪያው አዲስ የፋብሪካ በር ሆነላቸው። ማንጎው፣ አናናሱ፣ ፖሙ በየተራው ይሰለፋል። ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ መጋረጃ አለበሱት። እርግብ ስትመጣ በጃንጥላ ጫፍ ያባርራሉ፤ ደመና ሲመጣ ቀና ብለው በክፉ ዓይን ያዩታል። ቀትር ላይ እያንዳንዱን ቁራጭ ይገለብጣሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጤዛ እንዳይጠጣ ርብራቡን ተሸክመው ይወርዳሉ። የደረሰ ቁራጭ ሲያጥፉት አይሰበርም፣ ሲጨምቁት አያረጥብም፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይጣበቅም። ይህን ሁሉ ያስተማራቸው የለም፤ በጥርጣሬ ነው የደረሱበት። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ደረጃው ሥር መሰለፍ ጀመሩ፤ ለእያንዳንዳቸው ሲሰጡ ታዲያ ኪሳቸውን ገርመም ማድረጋቸው አልቀረም።

ወሬው የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ጆሮ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ማንጎውን ቀመሰች። የልጆቹን መክሰስ ከብስኩት ለማላቀቅ ከጀመረች መቆየቷን፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ለሁሉም ልጆች እንደምትወስድ ነገረቻቸው። ግን የልጅ ሆድ ቀልድ አያውቅም። ስኳር እንዳይገባበት፤ በተዘጋ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ይቀመጥና ሳይሻግት ከቆየ ያን ጊዜ እንነጋገራለን አለች። ደረጃውን እየወረደች ሳለም ዘወር ብላ፣ ዝናብ ሲመጣስ እንዴት ሊያደርጉ ነው ብላ ጠየቀች።

ለዚህች ጥያቄ ፈታሹ መልስ አልነበራቸውም። ምራታቸው ግን ነበራት። የሆቴሉ ወጥ ቤት ዕቃ ሲቀይር አንድ ያገለገለ የፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን በርካሽ ገዝታ፣ በሳምንቱ በታክሲ አስጭና ከተፍ አለች። ሣጥን የሚያህል ነገር ነው፤ ውስጡ እንደ መሳቢያ የሚሳቡ ትሪዎች አሉት፣ ከኋላው ማራገቢያ ተገጥሞለታል። የሚያደርቀው ግለቱ ሳይሆን የሚንቀሳቀሰው አየር ነው፣ ፎጣም እንደዚያው ነው ብላ አስረዳቻቸው። ፈታሹ ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩት። ደህና ከሆነ ለምን ሸጡት? ይህን ጮክ ብለው ጠየቁ። ለምንስ ገዛችው? ይህን በሆዳቸው ያዙት።

በሆዳቸው የያዙበት ምክንያት ነበራቸው። አንድ እሁድ ምራታቸው የታጠበ ልብስ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጥታ፣ ርብራቦቹን በጎን ዘልቃ ስታልፍ፣ ይኼ ቦታ ለልብስ ማስጫ እንዴት ይመቻል ብላ ነበር። ለራሷ እንደ መናገር ነው ያለችው። ፈታሹ ግን ሰምተዋል። አሁን ማሽኑ ሲመጣ ነገሩ ገጠመላቸው፤ ጣሪያውን ፈልጋዋለች ማለት ነው። ልጃቸው ደግሞ ጣሪያውና ማሽኑ ይወዳደሩ ብሎ ጫማውን እያወለቀ እሳት ላይ ጋዝ ጨመረበት።

«ማሽኑ ካሸነፈማ ታርፋለህ አባዬ» አላቸው።

ማረፍ ምን እንደሆነ ፈታሹ ያውቁታል። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ናት። ሰዓቱ ነው። የወተት ላስቲክ ነው። ጣሪያውን ከተነጠቁ ሌላ የቀራቸው በር የለም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምራታቸው ስትሄድ አካሄዷን፣ ስትቀመጥ አቀማመጧን ማየት ጀመሩ።

ልጅየው ቤታችን ውስጥ ኦቭን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ እሱስ ለምን ይቅርበት አለ። ስለዚህ ውድድሩ የሦስት ሆነ። ማንጎው ከአንድ ሣጥን ተገዛ፤ ፈታሹ ሻጩ ከታች የበሰበሰ ደብቆ እንደሆነ ብለው ሣጥኑን እስከ ወለሉ አራገፉት። እኩል ውፍረት ተከተፈ፤ አንድ የሎሚ ውሃ ውስጥ ተነከረ። አንዱ እጅ ጣሪያ ወጣ፣ አንዱ ማሽን ገባ፣ አንዱ ኦቭን ገባ።

የኦቭኑ ቶሎ ደረሰ። ግለቱን ዝቅ አድርገው፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርገው ቢተዉትም ዳር ዳሩ ጠቆረ፤ ወጥ ቤቱ ደግሞ የባቡር ሞተር ክፍል ሆኖ ዋለ። ማሽኑ ሌሊቱን እየዘመረ አድሮ፣ ጠዋት የሱ ማንጎ ብጫው ሳይደበዝዝ፣ አንዱ ካንዱ ሳይበላለጥ ወጣ። ፈታሹ አንዱን ቁራጭ አንስተው በብርሃን አዩት። እንዲህ ያማረ ነገር ያለ ተንኮል አይሆንም አሉ፤ ስኳር ነክራው ይሆናል ብለው ላሱት፤ ማንጎ ማንጎ ብቻ አላቸው። የጣሪያው ዘገየ። አንዱን ቀን ደመና ሰረቃቸው፣ አንዱን ቀን ነፋስ አቧራ አምጥቶ መጋረጃውን ደርበው ዋሉ። ሲደርስ መልኩ ጠይም፣ ሽታው ግን ደረጃውን ወርዶ ጎረቤት የሚገባ ሆነ።

የመጨረሻዋን ማታ ርብራቡን አውርደው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሳደሩት፤ ሳይቀዘቅዝ ጠርሙስ ከገባ ያልባል። ጠዋት ወደ ጠርሙሱ ሲያስገቡት እጃቸው ቆመ። አንደኛው ጥግ ሳስቷል። ቁራጭ በቁራጭ የደረደሩት እሳቸው ናቸው፤ ክፍተት ትተው አያውቁም። አንድ ጭብጥ የሚሆን የለም። አይጥ ቢሆን ፍርፋሪ ይተዋል። ትንሿ ብትሆን እጇን በልብሷ ትጠርጋለች። ልጃቸው የጣፈጠውን ከበላ ሳይናገር አይውልም። የቀረችው አንድ ሰው ናት።

ማንጎው የገባባቸው ሦስት የማርማላታ ጠርሙሶች ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳይሬክተሯ ያለቻቸው ቀላል ነው፤ በቀን አንዴ ሳይከፈቱ ይነቅነቁ፣ የደረቀው ካልደረቀው እርጥበቱን ይካፈላል፤ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የላብ ጠብታ ከታየ ተመልሶ ይደርቅ። ከዚያ ውጪ አይነኩ። ፈታሹ ግን ከጠረጠሩ ይመንጥሩ በሚለው ያደጉ ሰው ናቸው። በፋብሪካው የዕቃ ቤት በር ላይ ያደርጉት እንደነበረው አንዲት ጥቁር ክር መዝዘው የጠርሙሳቸው ክዳን ላይ አጋደሟት። ክዳኑን የነካ ሰው ክሯን ሳይጥል አያልፍም። ክሯ እንዳትወድቅ ሲሉ ጠርሙሱን መነቅነቁን እንኳ ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት ክሯ መደርደሪያው ላይ ወድቃ ተገኘች።

ተቆጡ፣ ግን ደስም አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ከጡረታ ወዲህ እንደዚያች ጠዋት ነፍስ ዘርተው አያውቁም። ከዚያ በኋላ ክሯ በየማለዳው እየወደቀች ትገኛለች። እሳቸውም ምን እንደተወሰደ ለማወቅ ክዳኑን ከፍተው ማንጎውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑ ደግሞ የባሰ አሳሰባቸው። ካልወሰደች ምን ልታደርግ ትከፍተዋለች? አንድ ነገር ልትጨምርበት ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ ከፍተው ያሸታሉ። ማታ ሻይ ሲፈላ ደግሞ ማንም ሳያያቸው ከፍተው ይዳስሳሉ። ውጪ ዝናቡ ጀምሯል፤ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ እንፋሎት ተጋግሯል። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከምራታቸው እጅ አልተነቀለም። እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የልብስ አጣቢ እጅ መሆኑን ረሱት።

አንድ ጠዋት በጠርሙሳቸው ግድግዳ ላይ ላብ አዩ። ጥቃቅን ጠብታዎች ናቸው፣ ክዳኑ ሥር የተሰለፉ። በደንቡ መሠረት ማንጎውን አውጥተው መልሰው ማድረቅ ነበረባቸው። አላደረጉትም። ካወጡት ማስረጃው ይጠፋል፤ ሌባዋን እጅ ከፍንጅ ሳይዙ ደግሞ ማንም አያምናቸውም። የማሽኑ ጠርሙስ አጠገቡ ደረቅ ብሎ ተቀምጧል። የኔው ብቻ ነው ያላበው አሉ፤ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ዳይሬክተሯ የምትመጣበት ቀን ደረሰ። ያን ዕለት ጠዋት ልጃቸው አውቶቡሱን ሊያወጣ ቀድሞ ሄዷል። ምራታቸው ለመውጣት ስትዘጋጅ ቦርሳዋ ከወትሮው ከበድ ብሎ ታያቸው። የከበደ ቦርሳ ከሳቸው ዓይን አያመልጥም፤ ማንጠልጠያው ትከሻ ላይ ሲሰምጥ ያውቁታል። በሩ ላይ ሄደው ቆሙ። እንዴት እንደሄዱ ራሳቸውም አላስተዋሉም፤ እግራቸው ነው የወሰዳቸው።

«ቦርሳሽን ክፈቺው» አሉ።

ትንሿ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ ጋር ትታገል ነበር። ቀና አለች።

ምራታቸው ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፊታቸውን ስታይ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው፣ ዚፑን እስከ ጥጉ ሳበችው፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምትቆመው» አለች። «ያስታውሷታል መቼም።»

ያስታውሷታል። እናትየው እዚያው ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበሩ። በልጆቹ ሠርግ ዕለት እንኳ፣ የኔን ቦርሳ ከባሌ ይልቅ እኚህ ሰውዬ ያውቁታል ብለው ሠርገኛውን በሙሉ አስቀው ነበር። ፈታሹም አብረው ስቀዋል። አሁን በዚያ በር ላይ የሚስቅ አልነበረም። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ፈተሹ። የሥራ ቱታ ነበር፤ ኪሱን ሳይቀር ገለበጡት። ሻሽ፣ ቁልፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ፣ ውሃ የሞላ ትልቅ ኮዳ። የከበደው ኮዳው ነበር።

ሌላ የሚያዩት ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው። የለም አሉ። ዕቃዋን አንድ በአንድ መለሰች፣ የልጅቷን የጫማ ማሰሪያ አሰረችላት፣ እጇን ይዛ ወጣች። በሩን ብታላትመው ደስ ባላቸው ነበር፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ፈታሹ ትንሽ ከፋቸው፤ ወዲያው ግን ብልህ ሌባ በሚፈተሽበት ቀን አይሸከምም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። አመል መቼም በአንድ ቀን አይለቅም።

አመሻሹ ላይ ዳይሬክተሯ ጃንጥላዋን አራግፋ ገባች። ልጅየውም ምራትየውም ገብተው ነበር፤ ትንሿ ጠረጴዛው ሥር ትጫወታለች። ሦስቱ ጠርሙሶች ወረዱ። ዳይሬክተሯ መጀመሪያ የኦቭኑን ከፈተች። ውጩ እንደ ቅርፊት ጠንክሯል፤ በቢላ ስትሰነጥቀው ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ መጥፎ ጠረንም ጀምሮታል። ግለቱ ፈጥኖ ላዩን ሲዘጋው ውሃው ውስጥ ታሰረ አለችና ወደ ጎን አደረገችው። የማሽኑን አኘከች፤ ንጹሕ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ጣዕሙ ትንሽ ቢለሰልስም ለልጅ የሚሰጥ ነው አለች። የፈታሹን ስትከፍት ግን ገና ሳትቀምሰው ፊቷን መለሰች። በቁራጮቹ ዳር ነጭ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ በቅሎ ነበር።

ፈታሹ ይህን ጊዜ ሲጠብቁ ነው የከረሙት። ጠርሙሴን ሰው እየከፈተብኝ ነው አሉ። ከርብራቡ ላይ የጎደለውን ጭብጥ፣ በየማለዳው የምትወድቀውን ክር፣ ቁጥሩ ግን ሙሉ መሆኑን፣ ሁሉንም ዘከዘኩት። ስም አልጠሩም፤ ዓይናቸው ግን ወዴት እንደሚያይ ቤቱ ውስጥ ያልገባው አልነበረም። ልጃቸው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ እጁን ያዘችው። ዳይሬክተሯ ግን ጠያቂ ሴት ናት።

«ከተከፈተ በኋላ እንዳልጎደለ በምን አወቁ?»

«ቆጥሬው ነዋ» አሉ ፈታሹ።

«ሳይከፍቱት?»

«ከፍቼ ነው እንጂ። ጠዋት እቆጥራለሁ፣ ቀትር ላይ አሸተዋለሁ፣ ማታ ደግሞ…»

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ አፋቸው ውስጥ ቆመ። ዳይሬክተሯ የፈላውን ማንቆርቆሪያ አየች፣ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኚህ ሰው ግን የብብታቸውን የጣሉት ቆጡ ላይ ምንም ሳይኖር ነው። ልጅየው ሳቁን በሳል ሊደብቅ ሞከረ። ምራታቸው አልሳቀችም። ተነስታ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባችና ከልብስ ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ በሹራብ የተጠቀለለ አንድ ሌላ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች።

«የጎደለው ይኼ ነው አባባ» አለች። «እኔ ነኝ የወሰድኩት። እርስዎ ጠርሙስ ሳይከፍቱ እንደማያድሩ አውቃለሁ። አንዱ እንኳ ይትረፍልዎት ብዬ ነው።»

ክሯም ግልጽ ሆነች። በየማለዳው እሳቸው ሳይነሱ ሦስቱንም ጠርሙሶች ትነቀንቅ ነበር፤ የሳቸውን የሚነቀንቅ እንዳጣ ስላየች ነው። የወደቀ ክር አይታ እንደሆነ ልጅየው ጠየቃት። የልብስ አጣቢ ክር አይቶ ምን ሊል ነው አለችው።

ዳይሬክተሯ አራተኛውን ጠርሙስ ከፈተች። የጣሪያው ማንጎ ሽታ ከጠርሙሱ ወጥቶ ጠረጴዛውን ሞላ፤ ትንሿ ሳትቀር ከሥር ብቅ አለች። ዳይሬክተሯ አንድ አኘከች፣ ሁለተኛ አነሳች። እንደ ጣዕሙ ከሆነ ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው አለች። ፀሐይ ባለበት ቀን በጣሪያው ይሁን፤ ደመና ሲያስቸግር ጣሪያው ላይ ይጀመርና ማሽኑ ይጨርሰው፤ ኦቭኑ ዳቦውን ይጋግር። ጣሪያውን የሚጠብቁት ግን እርስዎ ነዎት ብላ የፈታሹን እጅ ጨብጣ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የልጆቹን መክሰስ እንደምትወስድ ተናግራ ሄደች።

ፈታሹ እንዳይነጠቁ የፈሩትን ሁሉ አገኙ። ያገኙት ደግሞ ጠዋት ከፈተሹት እጅ ነው። አፈሩ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያዩ አፈሩ። ስንቱን ሰው አስቁመው በኖሩበት ዘመን፣ ምንም ያልተገኘበትን ሰው ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ የሚባለውም እለፊ ወይም እለፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከየት እንደሚጀመር አላወቁም። ምራታቸው ብርጭቆዎቹን ስታጥብ ከኋላዋ ቆሙና፣ የጠዋቱን ነገር ብለው ጀመሩ።

እሷም ሳትዞር፣ ሻይዎ ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልዎት? አለቻቸው።

አሙቂልኝ አሉ። ይቅርታን የመሰለ ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው የሚባለው፤ ሲያደርቁ የከረሙት ሰውዬ ግን ለነገ አሳደሩት።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ አደረ። ፈታሹ ከሁሉም ቀድመው ተነሱ። ከአራተኛው ጠርሙስ አንድ ጭብጥ ማንጎ አውጥተው በንጹሕ ወረቀት ጠቀለሉ፤ ምራታቸው ስትወጣ ለምሳዋ ሊሰጧት ነው። የሚሉትንም አዘጋጅተዋል። ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሌላ ምንም አይጨምሩም። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ።

መጀመሪያ የመጣችው ትንሿ ናት። ጫማዋን ራሷ አስራለች፣ ፀጉሯ ተጎንጉኗል። አያቷን በሩ ላይ ስታያቸው ቆመች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረደችና እግራቸው ሥር አስቀመጠችው፤ ዚፑ አስቸገራት፣ ታግላ እስከ ጥጉ ከፈተችው። ውስጡ አንድ የሥዕል መጽሐፍና የውሃ ጠርሙስ ነበር። ከዚያ ቀጥ ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። አልሳቀችም፤ ጨዋታ አልነበረም።

«አባባ፣ ምንም አልወሰድኩም» አለች።

እናቷ ጃንጥላዋን ይዛ ከኋላዋ ደርሳ ቆማ ነበር። ሁሉንም አየች። ፈታሹ የጠቀለሉት ማንጎ ከእጃቸው ወደቀ። ልጅቷ ፊት ተንበረከኩ። እጇን ይዘው ሊያወርዱላት ሁለት እጃቸውን ወደሷ ዘረጉ። ልጅቷ ግን ሊፈትሿት መስሏት እጇን ይበልጥ ወደ ላይ አነሳችው።